ሊቀ ካሜራ ደምለውና የለቅሶዬ ፎቶ

ካሜራ የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በርበሬ ላይ። በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ይጎነበሳል፣ አጥር ላይ ይንጠላጠላል፣ ሰላምታችሁን በግማሽ ትቶ ፀሐይ ሊያሳድድ ይሮጣል። የእኛው ሊቀ ካሜራ ደምለው ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሊቀ ካሜራ ሞጣ ላይ ሰርግ ያነሳል፤ ያ ለእንጀራው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በሚኒባስ ቢቸና መጥቶ እኔን ያነሳል፤ ይሄ ለትምህርቱ ነው። ያው ግንብ፣ ያው የምቀመጥበት ዱካ፣ ያው ሽማግሌ። «አንድ ፊት በወጉ ሳላውቅ ሺህ ፊት ባነሳ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ጭንቅላቴን ቆርጦ ጋቢዬን አነሳ። በሁለተኛው ጭንቅላቴ ተመለሰ፤ ዓይኖቼ ግን በጥላ ጠፉ። እኔ ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። አንዲት ገጽ ደጋግሞ መማር ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልሳቅሁበትም። ፊት ለፊት ማለቴ ነው።

የምቀመጥለትም በከንቱ አይደለም። በአገራችን ሰው ሲሞት ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ይቆማል፤ ለቀስተኛው እሱን እያየ ያለቅሳል። ጎረቤቴ ፋንታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመታወቂያ ፎቶው ተለቀሰለት፤ ሌባ ይመስል ነበር። በዚያ ዓይነት ፎቶ አይለቀስልኝም ብዬ ምያለሁ።

ስለዚህ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ተክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ።

«ኧረ አባባ ይተንፍሱ! የሞቱ ይመስላሉ እኮ!»

«ለሱ አይደል የምነሳው?»

«እሺ፣ አንዲት ትቀረናለች!» ይላል። አንዲቷ ግን አታልቅም። ባለቤቴ ማናለሽ ከደጃፍ ሆና፣ «ይሄ ፎቶ እስኪያልቅማ መልአከ ሞትም ቆሞ ይጠብቃል» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ደምለው ብርሃን ፍለጋ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ማናለሽ ካሰጣችው በርበሬ ላይ ዘጭ አለ። ካሜራው ግን አልወደቀም።

«ተነስ! የዓመት ቀለባችን ነው!» ብዬ ከዘራዬን ይዤ ስነሳ፣ እዚያው በርበሬው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀጭ! አደረገኝ። ከዚያ እያስነጠሰ አሳየኝ።

ጋቢዬ ወርዷል፣ አፌ ተከፍቷል፣ ቁጣዬ ከሳቄ አልተለየም። እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሞተ ቢሉኝ እኔም አለቅሳለሁ።

«አባባ፣ አለቀ» አለ ደምለው ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ቅዳሜዎን አልሻማብዎትም።»

አለቀ? ቅዳሜን ታዲያ ምን ላደርጋት ነው? ፎቶውን አራቅሁት፣ አቀረብሁት።

«አፍንጫዬ ተጣሟል።»

«የቱ ጋ አባባ?»

ማናለሽ በርበሬዋን መልቀም ትታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቅዳሜ ስትመጣ አሳይሃለሁ» አልሁት። «አንዲት ትቀረናለች።»