የወይዘሮ ጥሩሸዋ ባንድ

በየከተማው «አይሆንም» ሲሉት «ትንሽ ቆይተህ ተመለስ» ያሉት የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ምክርም ይሰማል፣ ተግሣጽም ይሰማል፤ እምቢታ ግን ጆሮው አይገባም። የመሐል ሜዳዋ ክብርት ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ የበግ ጠጉር ባና ነጋዴ፣ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው።

ፋርማሲስቷ ጽናት ያወቀቻቸው የሳል ሽሮፕ ሊገዙ በመጡ ቀን ነው። ሬዲዮ እየሰማች ባንኮኒውን በጣቷ መታ መታ ስታደርግ አዩና ሳላቸውን ረሱት።

«የምትጫወቺው ምንድን ነው?»

«ተማሪ ሳለሁ ጊታር እሞክር ነበር። ትቼዋለሁ።»

«የተተወ ነገር ከተተወበት አይጠፋም። የዓለም ሙዚቃ ባንድ ላቋቁም ነው።»

«የዓለም ከተማ?» አለች ጽናት፤ አገሯ ነውና ደስ አላት።

«የዓለም በሙሉ። ዓለም ከተማም አለችበት።»

ጽናት ጊዜ እንደሌላት ነገረቻቸው። በነጋታው የረሱትን ሽሮፕ ሊወስዱ ተመለሱ፤ ጊታር ተሸክመው። ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

ሹፌሩን አወቀን የመለመሉት ደግሞ በራሱ ሚኒባስ፣ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነው። አወቀ ከስልኩ የሱዳኑንም የማሊውንም ዘፈን እየከፈተ ዳሽቦርዱን ይደልቃል። «ልጄ፣ ከበሮ ቢኖርህ እኮ መሪውን በሁለት እጅህ ትይዝ ነበር፤ ለእኛም ነፍስ ይበጃል» አሉት ከኋላ ሆነው። ተሳፋሪው በሙሉ ደገፋቸው። አወቀ ምን ይበል?

የቀሩት ዋሽንት ነፊው ጋሽ ፈንታ ነበሩ። ወይዘሮዋ ጽናትን አስከትለው ቀየት መንደራቸው ድረስ ሄዱ። ሽማግሌው ገብስ እያበራዩ ነበር።

«ዋሽንቴ ተሰንጥቋል» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከነጠላቸው ሥር አዲስ ዋሽንት አውጥተው ሰጧቸው።

«ትንፋሽም የለኝ።»

«በሬ ሲነዱ ጩኸትዎን ከመንገድ ላይ ሰምተናል።»

ጋሽ ፈንታ ዋሽንቱን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ አልነፋሁም፣ ልጄ። የምነፋው ለእሷ ነበር» አሉ።

 ወይዘሮ ጥሩሸዋ አውድማው ዳር ተቀምጠው የተበተነውን ገብስ ለቃቀሙ። ሲነሡ፣ «እንግዲያው መጥተው ይስሙን። ሰሚም ያስፈልገናል» አሉ።

ጋሽ ፈንታ በየገበያው ቀን ልምምድ ወደሚደረግበት የባና መጋዘን እየመጡ በሩ ሥር ይቀመጡ ጀመር። አይነፉም። አወቀ ሌላ ዋሽንት ነፊ እንፈልግ ቢል፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ «እንግዳ አስቀምጦ ሌላ እንግዳ መጥራት ነውር ነው» ብለው አፉን አስያዙት። ጽናት እንኳ በሆዷ፣ እኚህ ሴትዮ ተስፋና ግትርነት ሳይምታታባቸው አይቀርም ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጽናት የማሊ ዜማ ጀምራ መሐል ላይ ጠፋባት። እየሳተች ስትፈልገው ጋሽ ፈንታ ቀና አሉ።

«የየት አገር ነው?»

«የማሊ፣ አባባ። ምዕራብ አፍሪካ።»

«ዜማው የእረኛ ነው፤ በግ ይጠብቃሉ ማለት ነው» አሉና ዋሽንቱን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። የጠፋባትን ዜማ እሳቸው ዘንድ አገኘችው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወደ ባናው ክምር ዞረው፣ ያልተጣመመ ባና ሲያቃኑ ቆዩ።

ባንዱ መጀመሪያ ሕዝብ ፊት የቀረበው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ፈንታ ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ጥሩሸዋ የት አለች? እሷ ካልወጣች አልነፋም።»

ወይዘሮዋ ከመጋረጃው ጀርባ የተጫዋቾቹን ጋቢ ታቅፈው ቆመዋል። ጽናት ልትጠራቸው ስትሄድ እጇን ያዙ።

«ጉዴን አታውጪብኝ። ድምፅ የለኝም፤ ምትም አልለይም። ልጅ ሳለሁ ከዘማሪዎች ያስወጡኝ በዚሁ ነው።»

 ይህን ሁሉ ሰው ከያለበት ለቅመው ያመጡ ሴት፣ ለራሳቸው ቦታ አላስቀሩም። ጽናት ጋቢዎቹን ተቀብላ ጎትታ አወጣቻቸው።

«ያጨብጭቡ ብቻ፣ እትዬ።»

አጨበጨቡ። ምቱ ሲሄድ ይዘገያሉ፤ ምቱ ሲቆም ይደርሳሉ። ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች መሳቅ ጀመሩ፤ የወይዘሮዋም እጅ ሊወርድ ዳዳ። ይኼኔ አወቀ ከበሮውን ወደ እሳቸው ጭብጨባ አዞረው። ሲዘገዩ ዘገየ፣ ሲሮጡ ሮጠ። ጊታሩ ተከተለ፤ ዋሽንቱም ደረሰባቸው። ሳቁ ቆመና የአዳራሹ ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ።

ሲያበቃ አንድ መምህር ጠጋ ብሎ ያ አስቸጋሪ ምት የየት አገር እንደሆነ ጠየቀ።

«የእትዬ ጥሩሸዋ ነው» አለ አወቀ።

ያን ምት ለመድገም አሁንም ይለማመዳሉ። አልተሳካላቸውም፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሁለቴ አንድ ዓይነት አጨብጭበው አያውቁም።