ከማንጎው ጋር የተሻገሩ ጥርሶች

ድሮ የሰው ታሪክ የሚወራው ሲሞት ነበር። አልቃሿ ታወድሰዋለች፣ ሟቹም መልስ አይሰጥም፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዘንድሮ ግን ልጅ ያስተማረ ሰው በቁሙ ይሣላል። ከሥዕሉ ሥር «አባቴ ቁጡ ነበር» ተብሎ ይጻፋል፤ ነበር የተባለው አባት ከጻፈችው ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ገንፎ እየበላ።

እኔ አራተኛ ክፍል ልገባ ስል ድርቁ ቀደመኝ። ልጄን ዘሃራን ግን እስከ ኮሌጅ አስተማርኳት፤ አሁን አሶሳ ከተማ የሥዕል መምህርት ናት። ውጤቱ ይኸው፦ የልጅነት ትዝታዋን በሥዕልና በጽሑፍ አዘጋጅታ፣ ሰኞ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኳ በፊት እንድናየው አንድ ቅዳሜ ይዛው መጣች።

አየነው። እናቷ ከድጃ በየገጹ አለች፤ በሕይወቷ ሆና በማታውቀው ልክ ቀጥናለች። «ልክ ነው፣ እንዲህ ነበርኩ» አለች። አህያችን ለብቻዋ ሁለት ገጽ ተሰጥቷታል። እኔ ቅንድብ ነኝ። የቀረው ፊቴ ከቅንድቡ ሥር እንደ ተከራይ ተጠግቷል፤ አፌም በማስመሪያ የተሰመረች አንዲት መስመር ናት። አልተቀየምኩም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ከወሎ ይዤው የመጣሁት ብቸኛ ንብረቴ ነው።

አንድ ገጽ ላይ ግን ማንጎው ሥር ተቀምጬ እየሳቅሁ ነው። ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

«ይሄን ደግሞ የት አየሽው?» አለች ከድጃ። «እኔ ካገባሁት ጀምሮ ያላየሁትን ጥርስ!»

«ማንጎው ሥር ሲሆን ይስቅ ነበር እኮ፤ በመስኮት አየው ነበር።»

 እነሱ ወጣ ሲሉ ያንን ገጽ ደጋግሜ ገለጥኩት። ለማንም አትንገሩ።

አሁን ስለ ማንጎው። መንግሥት በሰፈራ አምጥቶ ሲያራግፈን፣ ስም ለማውጣት ጊዜ አጥቶ እስከ ዛሬ በቁጥር የምትጠራ መንደር ሰጠን። ጎረቤቴ ባበክር የአገሩ ሰው ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፤ አማርኛን የለመደው ከእኛ ነው፤ እኛ ስንመጣ እሱም ዛፉም እዚሁ ነበሩ። ማንጎው የቆመው የሁለታችን አጥር ከሚገናኝበት ላይ ነው። የማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ የወደቀውን ያየ ያነሳል። ዘሃራ ግን ገጹ ጠበባትና ዛፉን ከአጥሩ ወዲህ፣ ወደ እኛ ግቢ አስገብታ ሣለችው።

ይህ ማንም ሳያየው በቀረ ነበር። ከድጃ ግን ቅጥነቷን ለመንደሩ ለማሳየት ሥዕሉን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። እሁድ ጠዋት ባበክር ስለ ተሣለው ዛፍ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ።

ትስቁ ይሆናል። ግን እዚህ አገር ወረቀት የያዘ ሲመጣ አፉን ብቻ የያዘ ሲሸነፍ ስንት ጊዜ አይተናል።

«ወላሂ ይማም፣ እኔ አንተን አምናለሁ» አለ ባበክር። «መጽሐፍ ግን አላምንም። ነገ እኛ ስንሞት ልጆች መጽሐፍ ይከፍታል፣ ማንጎ የይማም ነው ይላል። የኔ ልጆች ምን ያሳያል?»

«የታተመ ነገር ቀበሌ ገባ ማለት ነው» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«አባባ ባበክር፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለች ዘሃራ። «ገጹን አወጣዋለሁ። መጽሐፉ ያለሱም ይሄዳል።»

ሁሉም ደስ አላቸው። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ማንጎውስ ነገም ያፈራል። ጥርሴ ግን ያለው እዚያች ገጽ ላይ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቼ መጽሐፉን ሲከፍቱ የሚያገኙኝ ቅንድብና መስመር ሆኜ ነው። አህያዋ እንኳ ፈገግ ብላ ተሥላለች!

«ዛፉ የባበክር ነው» አልኩ።

የተዘረጉት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ምን?» አለች ከድጃ፤ በየዓመቱ ማንጎውን ገበያ አውጥታ የምትሸጠው እሷ ናት።

«የባበክር ነው። ወደ እሱ ግቢ ይሣል። ገጹ ግን አይወጣም።»

በትዳር ዘመኔ ይህን ያህል ባንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ቶሎ እርሳሷን መፈለግ ጀመረች።

ዛፉን ከአጥሩ ማዶ አሻገረችው። እኔም ሥሩ ስለተቀመጥኩ አብሬ ተሻገርኩ። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ቤቴ ሳለሁ ቅንድብ ነኝ፤ የምስቀው ሰው ግቢ ነው።

«አሁን ትክክል መጣ» አለች ከድጃ።

ባበክር ግን ሥዕሉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ «እኔስ የታለሁ?» አለ። «ብቻውን የሚስቅ እብድ ነው። ቀልድ ያወራሁት እኔ!» እሱም ተሣለ፤ እጁን አንስቶ፣ አፉን ከፍቶ።

መጽሐፉ ሰኞ ሄደ። ማንጎ ያለው ሰው እንደሚያውቀው ፍሬው በወቅቱ ነው፣ ቅጠሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የሚረግፈውም በሥዕሉ ሳይሆን በእኛ ግቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ከድጃ መጥረጊያዋን ወረወረችና «ባለዛፉ መጥቶ ይጥረግ!» ብላ ላከችበት። ባበክር ምን ገዶት፣ የራሱን መጥረጊያ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ ልረፍ ብሎ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

ቅጠሉ እስካሁን አልተጠረገም።