የመስታወቱ ግራኝ

ፀጉር አስተካካይ ዝም ብሎ ፀጉር ብቻ ያስተካከለበት ዘመን በታሪክ አልተመዘገበም። ምላጭ የያዘ ሰው ሁሉን ያውቃል፤ ምላጩ ጉሮሮህ አጠገብ እስካለ ድረስ ደግሞ የሚከራከረው አይኖርም። አንገትህ በጨርቅ ታስሮ፣ ግማሽ ጢምህ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ፣ "ተሳስተሃል" የምትል ጀግና ከሆንክ ና እንተዋወቅ።

ከነዚህ ሊቃውንት መካከል ግን የሚጣን አጎት የሚስተካከል የለም። ደንበኞቹ "ፕሮፌሰር" ይሉታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እሱ ሹመቱን ከምሩ ተቀበለውና አረፈው። ሾፌሩን ስለ ሞተር፣ ግንበኛውን ስለ ሲሚንቶ፣ ነፍሰ ጡሯን ስለ አተኛኘት ያስተምራል። የሰፈሩ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ሊላጭ ገብቶ አሰላለፉን ቀይሮ ወጣ። ቡድኑ ተቀጥቅጦ ሲመለስ ክቡርነታቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። "ሳይንሱን በግማሽ ነዋ የተገበረው!" አሉ።

ይህን ጠባይ ከማንም በላይ የምታውቀው ታናሽ እህቱ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሰው የማያነበውን የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ ትውላለች። ልጇ ሚጣ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትወጣው በምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ እናትየዋ ሥራ እስክትጨርስ አጎቷ ጋ ትቆያለች። እህትየዋ ወንድሟን የምታምነው በሁለት ነገር ነው፤ ልጇን በመውደዱና በፀጉር ሥራው። በሌላው ሁሉ "እሺ ጋሼ" ትልና የራሷን ታደርጋለች።

ሚጣ ግራኝ ናት። ማንኪያውም ኳሱም የበሩ እጀታም በግራዋ ነው። እርሳስ እስክትይዝ ድረስ ይህ ማንንም አላስቸገረም። በግራ እጅ ሲጻፍ ግን እጁ የጻፈውን እየዳበሰ ስለሚሄድ ገጿ ተጨመላለቀ፣ መዳፏም ጠቆረ። የክፍል ጓደኞቿ ሳቁባት። በማግስቱ ሚጣ ግራ እጇን የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና አላወጣም አለች። "እጄን አሞኛል" ነው መልሷ። መምህሯ ደግ ሴት ናት፤ "በግራዋ ብትጽፍ ምንም አይደል፤ ብቻ ከኪሷ ታውጣልኝ" አለች። እናት ለመነች፣ ተቆጣች፣ ከረሜላ ገዛች። እጅ ከኪስ አልወጣም። ልጄ ገና ሳትጀምረው መጻፍን ልትጠላ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች።

ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ፊቱ በራ።

"በዚህ ነው የምትጨነቂው? ሳይንሱን ካወቁት እኮ ቀላል ነው!"

"ጋሼ፣ በፈጠረህ፣ ይቺን እንኳ ተወኝ።"

አልተዋትም። ሰውየው ደግሞ በእጅ ጽሑፉ የሚመካ ነው፤ በሰፈሩ "የሚከራይ ቤት አለ" የሚል ወረቀት ከተለጠፈ የሱ እጅ ነው፣ ፊደሎቹ እንደ ሙሽራ ተኳኩለው። በማግስቱ ለሕፃናት የሚያጋድመውን ጣውላ ወንበሩ ላይ አድርጎ ሚጣን ከፍ አድርጎ አስቀመጣት፤ ከፊት ለፊቷ ትልቁ መስታወት አለ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ነጭ ካርቶን ለጠፈና፣ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ በቀኝ እጁ ስሟን ጻፈ። ቀኝ እጁ መስታወቱ ውስጥ ግራ ሆነ።

"ያንን ሰውዬ አየሽው?" አላት። "እንዳንቺው ግራኝ ነው።"

ሚጣ የመስታወቱን ሰውዬ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ከኪሷ አወጣች።

እናትየዋ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ልጇ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ አገኘቻት። ገጹ አልተጨማለቀም፣ መዳፏም አልጠቆረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወረቀቱን አነሳችና አየችው፤ ዘቅዝቃ አየችው። የስንቱን ሐኪም ጽሑፍ የፈታች ሴት አንዲት ፊደል መለየት አቃታት።

"ምንድን ነው ይሄ፣ የኔ ቆንጆ?"

"ስሜ ነዋ!"

ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ "ወደ መስታወቱ አዙሪው እስቲ" አላት። አዞረችው። መስታወቱ ላይ የልጇ ስም ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጅቷ ከመስታወቱ ያየችውን፣ እንዳየችው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጣ ነበር የጻፈችው።

"ልጄን ገልብጠህ አስተማርክልኝ!"

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። "የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው እንጂ መች ጨረስኩ!" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

በማግስቱ የሆነውን መድኃኒት ቤት ድረስ ሄደው የነገሯት ደንበኞቹ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከሚጣ ጎን ተቀምጦ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲጽፍላት ልጅቱ አኮረፈች። "አንተማ በቀኝህ ነው የምትጽፈው። እኔን የሚያስተምረኝ ሰውዬው ነው" አለችና እጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ፕሮፌሰሩ አንድ ሙሉ ራስ እስኪያስተካክል ድረስ አፉን አልከፈተም። ደንበኛው ታሟል ብሎ ሰግቶ ነበር። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ።

እናትየዋ ሲነግሯት አላመነችም፤ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ መጣች። ሰው ተራ እየጠበቀ፣ ወንድሟ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ከወረቀት ጋር ይታገላል። የጻፈው ዶሮ የጫረው ይመስላል።

"ውይ አጎቴ! ያንተ ከኔ ይብሳል!" ሚጣ በሳቅ ፈረሰች።

"ምን ላድርግ? እምቢ አለኝ እኮ።"

"ወረቀቱን አዘንብለው። እጅህን ከመስመሩ ዝቅ አድርገው፣ አለዚያ ታጠፋዋለህ። መምህሬ እንደዚህ ነው ያለችኝ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

መምህሯ ስትለፋበት የከረመችውን፣ ሚጣ ለአጎቷ ለማሳየት ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አደረገችው። ወረቀቱን አዘነበለች፣ እጇን ዝቅ አደረገች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈች። ትንሽ ተጨማለቀ። ግድ አልሰጣትም። እናትየዋ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ መግባቱን ፈራችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየቀኑ አብረው ተለማመዱ። የሚጣ ጽሑፍ ተስተካክሎ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የአጎቷ ፈቀቅ አላለም። ሚጣ ግን ፍትሕ አዋቂ ናት፤ "የኔ ተለጥፏል፣ ያንተም ይለጠፍ" ብላ ፈረደች። ይግባኝ የለም። "እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ" ብሎ በግራው ጻፈና ከመስታወቱ ጎን ሰቀለው።

ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ፣ እናትየዋም ልጇን ልትወስድ መጥታ ሳለ፣ አሠልጣኙ ወረቀቱን አይቶ ሳቁን ለቀቀው።

"ፕሮፌሰር! ይሄን የጫረው የትኛው ሕፃን ነው?"

ቤቱ ሁሉ አብሮ ሳቀ። እህትየዋ ወንድሟን አየችው። "የሕፃን ነው" ቢል ስሙ ይተርፍለታል፤ ማስረዳት ከጀመረ ደግሞ እስከ ማታ አያቆምም። እሱ ግን ሚጣን በዓይኑ ፈለጋት።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሳቁ ባሰ። ይህን ሰው ይህን ያህል እንደምትወደው እህትየዋ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር። አንድ ነገር ልትናገርለት አፏን ስትከፍት ሚጣ ቀደመቻት። አግዳሚው ላይ ቆማ ግራ እጇን ወደ ሰዎቹ ቀሰረች።

"አትሳቁበት!" አለች። "ትስቁበትና በኋላ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።"