ወደ ጎረቤቱ የሚሻገረው ፕሮቲን

እኛ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች አንድ ጸባይ አለን። ሰው ታመመ ከተባለ ሐኪም የማይሆን ጎረቤት የለም። ጉንፋን ቢይዝህ፣ ደረጃውን ወርደህ እስክትጨርስ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና ስሙን የማታውቀው ቅጠል ይታዘዝልሃል፤ አንዷ ደግሞ እጇን ጭንቅላትህ ላይ ጭና ትጸልይልሃለች፣ ፌርማታ ስትደርስ ድነህ መገኘት ግዴታህ ነው። ለአባቴ ሕመም ግን ቅጠል የሚያዝ ጠፋ።

አባባ በደህናው ዘመን ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አሁን አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። እኔን በእህቴ ስም ይጠሩኛል፤ ጢሜን እያዩ እንኳ አይጠራጠሩም። ዳማ ግን አልረሱም። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ሥር ተቀምጠው ከጋሼ ደምሴ ጋር በቆርኪ ይጫወታሉ። ጋሼ ደምሴ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከእኛ ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ዳማው ላይ አባባ የድሮው ሰው ይሆናሉ፤ ይፎክራሉ፣ ይስቃሉ፣ የሰው ቆርኪ በበሉ ቁጥር ያፏጫሉ።

አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ጋሼ ደምሴ ለብቻዬ ጠሩኝና ምን እንደተባልን ጠየቁኝ። እኔም ዶክተሯ ያስረዳችኝን እንዳለ አቀረብኩላቸው።

«ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን አለ። ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። እዚያ ያገኘውን ደህና ፕሮቲን እንደ ራሱ ያጣምመዋል። እንዲህ እያለ ይዛመታል።»

«ወደ ጎረቤቱ?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«አዎ፣ መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ነው።»

ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከዳማው ቀሩ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ማስክ አድርገው፣ ነጭ ሽንኩርት እየሸተቱ፣ ከሩቅ እጃቸውን አውለብልበው ያልፋሉ። አባባ ቆርኪውን ደርድረው ይጠብቃሉ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?» ይላሉ። በማግስቱም «ዛሬ» ነው። ለሳቸው ጋሼ ደምሴ በየቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀራሉ፤ እሳቸውም በየቀኑ እንደ አዲስ ያዝናሉ። እኔ ላጫውትዎ ብል «አንተ አትችልም» አሉኝ። ይቺን አልረሷትም።

በመጨረሻ የጋሼ ደምሴን በር አንኳኳሁ። ገርበብ አደረጉት።

«ይዞኛል» አሉ።

«ምን ያዘዎት?»

«ያ ፕሮቲን ነዋ። ትናንት ታክሲ ውስጥ ወራጅ ማለት ረስቼ መጨረሻው ፌርማታ ደረስኩ። እኔ፣ ስንት ሰው ያወረድኩ ሰውዬ።»

«እንቅልፍ ወስዶዎት ይሆናላ።»

«ወስዶኛል። ለምን ወሰደኝ?»

ለልጆቻቸውም ደውለው ተሰናብተዋል።

ዶክተሯ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። በትዕግሥት ሰማቻቸው።

«አባት፣ ጎረቤት ያልነው ጎረቤት ሴሉን ነው» አለቻቸው። «ሁሉም የሚሆነው እዚያው አንድ ሰው አንጎል ውስጥ ነው። አብሮ በመቀመጥ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።»

«በዳማስ?»

«በዳማም አይተላለፍም። እንዲያውም አብሯቸው የሚጫወት ወዳጅ ያስፈልጋቸዋል።»

ጋሼ ደምሴ ማስካቸውን አወለቁና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ ልጅ ሴል የምትለዋን ዘሏታል።»

በማግስቱ ሙዝ ይዘው ወረዱ። ይቅርታቸውን ደረጃው ላይ ሲለማመዱ ሰምቻለሁ።

«ወልዴ፣ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

አባባ ከዳማው ላይ ቀና አሉ። «መቼ ቀረህ? ትናንት እዚሁ ተቀምጠህ አይደል የገረፍኩህ?»

ጋሼ ደምሴ እኔን አዩኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ፣ «ደህና አድርገህ ገርፈኸኛል።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ከትናንት ወዲያም።»

አባባ ያን ዕለት አንዲት ቆርኪ ሳያንቀሳቅሱ ያልተጫወቱትን ጨዋታ ሁሉ አሸነፉ። የምር ረስተው ይሁን ነገሩ ገብቷቸው፣ አላውቅም። ዶክተሯንም አልጠይቃትም።