የወይዘሮ ጣፈጠች የረቡዕ ርዕሶች

ጸሎተኛ እናት ያለው ሰው ምስጢር የለውም። አለኝ የሚል ካለ ወይ እናቱ ጸሎት አይወዱም፣ ወይ ጉዱ ገና ጆሮው አልደረሰም።

የቤዛዊት እናት ክብርት ወይዘሮ ጣፈጠች፣ ሶዶ ላይ በጸሎት ቤታቸው የሴቶች ኅብረት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ረቡዕ ሳያስታጉሉ ያገለገሉ እናት ነበሩ። ሐሜት አይወዱም። ሐሜተኛ ካዩ መንገድ ይቀይራሉ። ብቻ የሰው ገመና ጆሯቸው ከገባ ረቡዕ እስኪደርስ ሆዳቸው አይችልም። ቀኑ ሲደርስ ቀኝ እጃቸውን ያነሡና፣ "እህቶቼ፣ ለወሬ አይደለም፣ ለጸሎት ነው" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን የሚያስቆም አልተፈጠረም።

ታላቁ ልጃቸው ቸርነት ዛሬ ቦዲቲ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ የተከበረ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተን ግን ሒሳብ ከመቶ አሥራ አንድ አመጣ። ለእናቱ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ ነገራቸው። ምን ዋጋ አለው! ይህኛው ረቡዕንም አልጠበቀ፤ እሑድ ጉባኤው ሞልቶ ሳለ ቆሙና፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህችን አሥራ አንድ አንተ አብዛት!" ብለው ጸለዩ። ሦስት መቶ ሰው አሜን አለ። ቸርነት ቦዲቲ የገባሁት ንግድ ፈልጌ ሳይሆን ሸሽቼ ነው ይላል፣ አሁንም ድረስ።

የባጃጅ ሾፌሩ ኤርካሎ ደግሞ ምን በወጣው። አንድ ቀን ከኦቶና ሆስፒታል አሳፍሯቸው ሲመጣ መቀመጫው ላይ ሲቁነጠነጥ አዩት። "ምነው ልጄ?" አሉት። የዋህ ነውና ኪንታሮቱን ነገራቸው። በሳምንቱ የተሳፈረ ሁሉ፣ "ኤርካሎ፣ መቀመጡ እንዴት ነው? እየጸለይንልህ ነው" ይለው ጀመር። አንድ ወር ሙሉ እሳቸውን ሲያይ በሌላ መንገድ ይጠመዘዝ ነበር። ነገር ግን ከጸሎተኞቹ የአንዷ ልጅ ሐኪም ኖሮ፣ ወሬውን፣ ማለት ጸሎቱን ሰምቶ አስጠራውና አከመው። ኤርካሎም ድኖ፣ ደንብ ነውና፣ አንድ ድስት ቅቅል ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣው ጋር አዝሎ ረቡዕ ከች አለ።

የሴቶቹ ደንብ ይኸው ነው። ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ጎደሬና ዳጣ ያመጣል፣ ይበላል፣ ይመሰገናል፣ የጸሎት ርዕሱ ይዘጋል። ያልተመለሰ ርዕስ ግን አሥር ዓመትም ቢፈጅ በየሳምንቱ ይነሣል። ወይዘሮ ጣፈጠች የቁርሳቸውን ዓይነት ሊረሱ ይችላሉ፤ ርዕስ ግን ረስተው አያውቁም።

ቤዛዊት የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ ትሠራለች። ከሰባት ዓመት በፊት አርግዛ ሳለ፣ ለባሏ በወጉ ሳትነግረው እናቷ ለጉባኤው አበሠሩላት። ሴቶቹም አርባ ቀን ጾሙላት። በሰባተኛው ወር ልጁ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ገበያ ብትወጣ፣ ቢሮ ብትገባ፣ ታክሲ ብትሳፈር፣ "አይዞሽ፣ ጌታ ያውቃል" የማይላት ጠፋ። ሐዘኗን የምትቀመጥበት አንዲት ጥግ እንኳ አጣች።

በዓመቱ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እናቷ ጓሮ ጎደሬ ሲልጡ ከጎናቸው ቁጭ ብላ ሳለ አመለጣት። "እማዬ፣ እኔ መጸለይ ትቻለሁ። እምቢ አለኝ። ጸሎት ቤት የምመጣው ለአንቺ ብዬ ነው። ይህን ለረቡዕ ካቀረብሽው ግን ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም።"

ወይዘሮ ጣፈጠች ጎደሬያቸውን ልጠው ጨረሱና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ቤዛዊት አላመነቻቸውም። እንዴት ብላ ታምናቸው! እሑድ እሑድ ያቺ ቀኝ እጅ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። እናቷ የቸርነትን ወገብ፣ የጎረቤትን ላም ጠርተው ሲቀመጡ ደግሞ፣ "ይሄኔ ለረቡዕ ሴቶቿ ነግራቸዋለች" ትላለች። ከሴቶቹ አንዷ በፍቅር ካየቻት፣ "ያውቃሉ" ትላለች። ከእናቷ ጋር መብላት መጠጣቱን፣ መሳቁን አልተወችም። የልቧን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጫወተቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቋት።

ባለፈው ሰኔ ወይዘሮ ጣፈጠች ታመው ሆስፒታል ተኙ። የተኙበት ክፍል ስምንት አልጋ ነበረው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የቀሩትን ሰባት ሕሙማን ወደ ርዕስ ለወጧቸው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጌታ ሄዱ። ድንኳኑ ለቀስተኛውን አልችል አለ። ኤርካሎ ሃያ ባጃጅ አስከትሎ ቀብር መጣ። ቸርነት፣ "እንግዲህ የእኔን ጉድ ማን ያወራልኛል?" እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ድንኳኑ በተነሣ ሳምንት የሴቶቹ መሪ እትዬ መብራት ለቤዛዊት ደወሉ፤ "ረቡዕ ለአንድ ጉዳይ ብቅ በይ" አሏት። ለእናቷ ክብር ስትል ሄደች። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የእናቷን ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም።

"የእናትሽን ርዕሶች ተከፋፍለናቸዋል" አሉ እትዬ መብራት። "አንዱ ግን ቸገረን። ስም የለውም።"

"እንዴት ስም የለውም?"

"ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ስንጨርስ፣ 'ደግሞ ያንን ነገር' ብላ ትንበረከካለች። ምንድን ነው ስንላት፣ 'እሱን አትጠይቁኝ፣ አደራ አለብኝ' ትላለች። ጣፈጠች አፏን ስትይዝ እስቲ አስቢው! ክፉ በሽታ ይዟት ይሆናል ብለን ፈራን። እኛም ሳናውቀው አብረናት ጸለይን። ይኸው እሷ ሄደች፤ ልጇ ነሽና አንቺ ታውቂ ይሆናል። ተመልሶ ከሆነ እንዝጋው፤ ካልተመለሰም ያዙት በይን።"

የልጃቸውን አሥራ አንድና የኤርካሎን ኪንታሮት ማሳደር ያቃታቸው ሴት፣ የቤዛዊትን ቃል ስድስት ዓመት በሆዳቸው ይዘው፣ በየረቡዑ ተንበርክከውበት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አልፈዋል። እሷ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠረጥራቸው ነበር።

"ወይኔ እማዬ!" አለች።

እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ተነሣች።

"አልተመለሰም። አትዝጉት" አለች። ቀኝ እጇም ሳታስበው ወደ ላይ ወጣ። "እህቶቼ፣ ያ ነገር እኔ ነኝ። የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም፣ ለጸሎት ነው።"