እስከ ሠልስት የተነሳ እገዳ

የሀገር ጸጥታ በዋዛ አይጠበቅም። ቦንጋ ውስጥ፣ ስሙን ለደኅንነቱ ስል በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤታችን፣ ከበላይ አካል ሰርኩላር ደረሰን፤ በአካባቢያችሁ ያሉ አሸባሪ ቡድኖችን ለይታችሁ በአምስት ቀን ውስጥ አሳውቁ የሚል። ኃላፊያችን አቶ ተሰማ አራቱን ቀን በባጃጅ ሲዞሩ ሰነበቱ፤ ከዝናብና ከጭቃ በቀር ያገኙት ሽብር የለም። ዜሮ ሪፖርት ማድረግ ደግሞ የአፈጻጸም ድክመት ነው። እግዜር ይስጣቸውና፣ በአምስተኛው ቀን የሰፈራችን ዕድር ትዝ አላቸው።

እሳቸው የሚመሩት የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ከሰርኩላሩ ጋር በመጣው ቅጽ ላይ ያለውን መስፈርት አንድ በአንድ መረመረ። ዕድሩ በየወሩ ይሰበሰባል። አካፋና ዶማ አለው፤ በቅጹ ቋንቋ የመሣሪያ ክምችት መሆኑ ነው። ሊቀመንበሩን ጋሽ ኡስማንን፣ የጨርቅ ነጋዴውን፣ የመረጧቸው አባላቱ ራሳቸው እጅ አውጥተው ነው፤ ማንም ከላይ አልመደበላቸውም፤ ይሄማ ለብቻው ያስጠረጥራል። እኔ በምሞላው ቅጽ ላይ የማንነት ሳጥኑ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ካፋውንም፣ ከወሎ የመጣውንም፣ ሙስሊሙንም፣ ፕሮቴስታንቱንም የት ላስገባቸው ብዬ ጠየቅኩ። አቶ ተሰማ አሰብ አደረጉና፣ ይሄን ያህል የተለያየ ሰው ያለ ሴራ ተስማምቶ አይኖርም አሉ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! ዕድሩ ታገደ፣ ድንኳኑ ታሸገ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እኔም የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የዕድሩ አባል ነኝና፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ መንግሥት፣ እሑድ እሑድ አሸባሪ ሆኜ ሰነበትኩ። ደሞዙ ግን ያው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የአቶ ተሰማ እናት ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማርና ደግ ሴት ነበሩ። ሕግ አክባሪው ሕዝብ አራት አራት እየሆነ ይመጣል፤ "እግዜር ያጽናዎት" ብሎ ይወጣል፤ ቀጣዮቹ አራት ይገባሉ። መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል ግን ጠፋ። አቶ ተሰማ ዝናብ ላይ ብቻቸውን ቆመው ሳያቸው፣ እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በሉት።

እንባቸውን ጠርገው ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ ቡድኑ ለቀብርና ለሠልስት ሥራ ሲባል ለሦስት ቀን ከአሸባሪነት ተነስቷል የሚል። ቲተርና ማኅተም አረፈበት። ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተከለ፤ ጋሽ ኡስማን ራሳቸው ዶማ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። እናትየው በክብር ተቀበሩ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ አቶ ተሰማ ተነስተው አመሰገኑ። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ከነገ ጀምሮ እገዳው ወደነበረበት እንደሚመለስ አስታወቁ። ማንም አላጉረመረመም። ጋሽ ኡስማን ብቻ የአቶ ተሰማን ክንድ ያዝ አደረጉ።

"ልጄ፣ አርባቸውን ከማን ጋር ልታወጣ ነው?"

አቶ ተሰማ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "እስከ አርባ በለው" አሉኝ።

"ሰማንያውስ?" አሉ ንፍሮ ያድሉ የነበሩት እትዬ በዛወርቅ።

"እስከ ሰማንያ።"

"ሙት ዓመቱስ?"

እነሆ ደብዳቤው እስከ ሙት ዓመት ተራዝሞ ሰፈራችን በሰላም ይኖራል። የሚያሰጋን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የሌሎቹ አለቆቻችን እናቶች፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሁሉም ደህና ናቸው።