ጠዋት በር ላይ የመጣ ጠያቂ

ደስ የሚል ወሬ ሥርዓት የለውም፤ ከአጥር ውጭ እየጮኸ ነው የሚገባው። ክፉ ወሬ ግን ጨዋ ነው። ማልዶ ይመጣል፣ ሰብሰብ ብሎ ይመጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዴት አደራችሁ ይላል። መርዶ ነጋሪ ቀጥታ ወደ ነገሩ አይገባም፤ መጀመሪያ ያስቀምጣችኋል፣ ስለ ጤናችሁ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ማንም ምንም ሳይነግራችሁ ሆዳችሁ ቀድሞ ይሰማል። እኔ ዛሬም ድረስ በጠዋት በር ላይ ትሁት ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

አምቦ ተማሪ ሳለን ሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን የሚባል ትምህርት ነበረን። ነገሩ ሲፍታታ፣ የአንድን ድርጅት አሠራር አጥንቶ ለኮምፒዩተር እንዲመች አድርጎ ማቀድ ነው። ለማጥናት መጠየቅና መታዘብ ያስፈልጋል፤ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉትን መምህራችን በእንግሊዝኛ አስረዝሞ አስተማረን። ቡድናችን ለልምምድ የመረጠው የሰፈሩን እድር ነበር። ኮምፒዩተር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ እድር፣ በእኛ ቸርነት ሊዘምን ነው።

መምህራችን የጠያቂን ደንብ እንዲህ ሲል ነገረን፦ «ሰዉ ለሥራ ሳይወጣ በማለዳ ድረሱ። ተጠያቂውን አስቀምጡት። በዝግታ ተናገሩ፤ በቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ ግቡ። ዝም ሲል እናንተም ዝም በሉ። ታዛቢው ራቅ ብሎ ይቁም፣ ቃል አይተንፍስ።» እስቲ ከላይ ስለ መርዶ ያልኳችሁን መለስ ብላችሁ አንብቡት። ሰውዬው ሳያውቀው ያስተማረን መርዶ ማርዳት ነው! እኛም የዚሁ አገር ልጆች ሆነን አልነቃንም። ማርክ የሚሉት ነገር እንዲህ ያደነዝዛል።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ አዴ ሌንሴ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ገመቹ ሁመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ለሥራ የሄደባቸው እናት። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቶሌራ ሊያስተዋውቁን አብረውን መጡ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ብርዱ ስለጠናብን ጋቢ ደርበናል። ታዛቢያችን በደንቡ መሠረት አጥሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ሌንሴ?» ሲሉ ኦቦ ቶሌራ እንዴት አደሩ አሏቸው።

አዴ ሌንሴ የእሳቸውን ፊት አዩ፣ የእኛን አዩ፣ ከዚያ አጥር ሥር የቆመውን ዝምተኛ። ሰላምታውን አልመለሱም።

«እስቲ ይቀመጡ፣ እማማ» አልኩ፣ በተለማመድኩት ለስላሳ ድምፅ። ተቀመጡ።

«ርቆ የሚኖር ልጅ አለዎት?» እድሩ ሩቅ ላለ ልጅ ድንኳን ይተክል እንደሆነ ማወቅ ነበረብን።

«ገመቹ» አሉ በሹክሹክታ።

«ድምፁን ከሰሙ ቆዩ?» ይቺ እንኳ ጨዋታ ማሟሟቂያ ነበረች።

ዝም አሉ። ደንቡ ትዝ አለኝና እኔም ዝም አልኩ። ግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም፤ ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ተተክሎ ቀረ። ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ ግን አላወቅሁም።

«ኢልማ ኮ! ልጄን!» ብለው ነጠላቸውን ከራሳቸው ወረወሩት።

በእኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው፤ የድንኳኑ እንጨት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጣ። «ማንም አልሞተም! ጥናት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ መርዶ ይከብዳል፤ ቀስ ብለህ ንገራቸው» አሉኝ። በካድኩ ቁጥር ለቅሶው ጋለ። ጥናቱን ራሳቸው የፈቀዱት ኦቦ ቶሌራ እንኳ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ለእኔ እውነቱን ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ለአፍታ እኔም ገመቹ የሞተ መሰለኝ።

ለቀስተኛው ሁሉ ተያይዞ ስልክ ቤት ወረደ። የእርሻው ቢሮ ቁጥር ተደወለ፤ ገመቹን እስኪጠሩት ድረስ ሰዉ ሁሉ እጀታውን ከቦ ቆመ። በመጨረሻ ድምፁ መጣ። «ሃርሜ» ሲል፣ እናቴ ሲል፣ እኛ ሁሉ ሰማነው። አዴ ሌንሴ አለቀሱ፣ መረቁት፣ እጀታውን መለሱ። ተገላገልን ብዬ ልስቅ ስል ወደ ሰዉ ዞሩ።

«የእኔስ ደህና ነው» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ታዲያ እድሩ በማለዳ የመጣው የማንን መርዶ ይዞ ነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ ኦቦ ቶሌራ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፤ ልጃቸው የተዳረችው ጊንጪ ነው። ከኋላቸው አንዲት ሴት ቆመች፣ ከእሷ ኋላ ሌላዋ፤ ሰልፉ ከበሩ ወጣ። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ መርዶ የሚባል ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ተሰለፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ አገሬ ባኮ፣ ጎረቤታችን ቤት ደወልኩ። እናቴን ጠሯት። እየሮጠች እንደመጣች ከትንፋሿ ታወቀኝ። ገና ሃሎ ሳልል ቀደመችኝ።

«ማን ሞተ?»